ገመድ ያዥ

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
አንድ ክፍል አለችን፣ መስኮቷ ጦሳን የሚያይ።
አንድ ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ጥቁር መነጽር፤
ሥራዬ ገመድ መያዝ ነው፣ ሰው እንዳይሰናከል ሲዞር።

«ስሙ ቪአር ነው» አሉን፤ እኛ «ባሕሩ» አልነው።
ሌሊት ሲገላበጥ ያደረ፣ ደረቱን አንዳች የሚጫነው፣
ፈተና የጣለው፣
ፈተናውን አልፎም ዲግሪው ፌስታል ውስጥ የታጠፈ፣
ወረፋ ይይዛል ለሃያ ደቂቃ ባሕር፣ ስሙን እየጻፈ።

ከውጭ ሲታይ ያስቃል፦ አፉን ከፍቶ ጣራ የሚያይ ጎረምሳ፣
በባዶ መዳፉ የሚያባብል ያልታየ ዓሣ።

ጦይባ ገብሬ መጣች፣ የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ፤
ከሌት ፈረቃ በቀጥታ፣ ዓይነ ቀይ፣ አንገተ ደፊ።
ሻሿን ወደኋላ ገፋ አድርጋ መነጽሩን አጠለቀች፤
ጥቂት ቆይታ፣ ማንም ሳያዛት፣ ጫማዋን አወለቀች።
አሸዋ አገኘች መሰለኝ፣ ምንጣፉን በጣቷ ጫረች፤
«ውሃው ግን አይቀዘቅዝም» አለች።
«ማሽን አይሰማም» አለች ደግሞ፣ እንደ ሕፃን ተገርማ፤
ጆሮዋን አዘነበለች፣ የማሽኑን አለመኖር ልትሰማ።

እንድሪስ ባጃጁን ደጅ አቁሞ ይመጣል፤
መሪ የለመደ እጁ ባዶ አየር ይጨብጣል።
የቀን ገቢ፣ የነዳጅ ሰልፍ፣ የትራፊክ ቅጣት፣
ሁሉን ደጅ ጥሎ ገባና ባሕሩ መሃል እንቅልፍ ወሰደው በቅጽበት።
ሃያ ደቂቃው አለቀ። ማን ይቀስቅሰው?
«ተዉት» አለ ባለተራው፣ «ይተኛ፤ ደክሞታል ሰው።»

«ጭንቀትህ ከዐሥር ስንት?» ትላለች ሲስተር ሽታዬ፤
ስምንት ብሎ የገባ አራት ብሎ ሲወጣ፣ ደስ ይለኛል ለብቻዬ።
የቀረችው አራት ግን ደረጃውን አብራው ትወርዳለች፤
አስፋልት ጋ ስትደርስ አምስት፣ ቤት ስትገባ ስድስት ትሆናለች?
መዝገቡ እዚያ ድረስ አይሄድም።

ሐሙስ ማታ፣ ሁሉም ሲወጣ፣ እኔም አጠለቅሁት፤
ገመዱን የሚይዝልኝ የለም፣ በወገቤ ዙሪያ ቋጠርሁት።
ባሕር። ዘንባባ። ሰማዩ ያለቅጥ የጸዳ፤
ዝንብ የለበት፣ ሰው የለበት፣ የለበት ዕዳ።
ዞር አልሁ፣ ጦሳን ፈለግሁ። የለም።
ሐይቅ እኮ ቅርብ ነው፣ በሚኒባስ የአንድ ሰዓት መንገድ፤
ሄጄ አላውቅም። የማውቀው ውሃ ይሄው ሆነ፣ የሚመጣው በገመድ።

መብራት ጠፋ። ባሕሩም ጠፋ። መነጽሩን አወለቅሁ፤
የደሴ ጉም በመስኮት ገብቶ ቆሞ ነበር፣ እጄን ሰድጄ ነካሁ።
እሱ ይቀዘቅዛል።

ደረጃውን በዳበሳ ሁለት እርከን ስወርድ፣ ከኋላ አንዳች ጎተተኝ፤
ቆምሁ። በጨለማው ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ።
ገመዱ ነበር፣ ከወገቤ ያልፈታሁት፤
ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ጫፉን «ያዝልኝ» ባልሁት።