ቤቱ ሲሄድ

የሮሳልባ ቤት ገደል አፋፍ ላይ ነበረ፤
በየክረምቱ ባሕሩ አንድ ክንድ እየቆፈረ
ጓሮዋን በላው፣ የዶሮ ቆጧን በላው፣
የቀረው ደጃፉ ነው፤ ነገ የሱም ተራው።
እዚህ ቺሎዌ ደሴት ዝናብ ነው ዓመት ሙሉ፤
ገደሉ እንደ ራሰ ዳቦ ይቆረሳል ይላሉ።

እኔና እሷ ግን ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈናል።
ምክንያቱ? አሳማ ነው። አዎ፣ ለሰሚው ያስቃል።
ድንቼን ገብቶ ቆፈረ፤ «ካሣ» ብላት «አጥር» አለች፤
አጥሩን ሠራሁ፣ በንዴት፣ ከቁመቴ በላይ፤ እሷም በሯን ዘጋች።
ቤተ ክርስቲያን ብንገናኝ እሷ ሻማ ታያለች፣
እኔ የጣሪያ ሳንቃ እቆጥራለሁ፤ ጸሎት እንዲህ ሆና ታልቃለች።

አንድ ማታ ኔስቶር መጣ። ቆቡን አላወለቀም።
«ቅዳሜ ቤት ይጎተታል። በሬዎችህ ይፈለጋሉ።»
«የማን ቤት?»
ዝም አለ። ምድጃዬን አየ።
«ታውቀዋለህ» ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ሄደ።

ሚንጋ እንለዋለን ደቦውን፤ ገንዘብ አይነሣበትም፤
ቤቱ የሚጓዝለት ሰው ያበላል እንጂ አይከፍልም።

«አልሄድም» አልኩ ለግድግዳው።
ተጋደምኩ። ዝናቡ ጣሪያዬን ይወቅጣል፣
አንድ ጠብታ አልገባም። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፦
ነፋስ ቆርቆሮዬን ገፎ በወሰደው ዓመት
ይህን ጣሪያ የመታልኝ ባሏ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፣
ምስማር በጥርሱ ነክሶ፣ እየተሳደበ፣ እየሳቀ፣
እኔ ታች መሰላል ይዤ። እንቅልፌ በዚያው ራቀ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ክላቬልንና ናቪዮን ይዤ ደረስኩ።
አሥራ አንድ ጥማድ ቀድሞኛል። «መጣህ?» ያለኝ የለም፤
ዘወትር እንደሚመጣ ሰው ገመድ ወረወሩልኝ።
መስኮቱ ወጥቷል፤ ጭስ መውጫው ወርዷል፤
ከወለሉ ሥር ሁለት ግንድ ገብቷል።
ድመቷ ግን እምቢ አለች፤ ምድጃው ላይ እንደ ተኛች
ሳትከፍል እንደ ተሳፋሪ ከቤቱ ጋር ሄደች።

«ሳበው!» አለ ኔስቶር። ሃያ አራት በሬ አጎነበሰ፤
ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ቤቱ እንደ አዛውንት አቃሰተ፣
ተነሣ፣
ሄደ።
ሕፃናት ከፊት፣ ውሾች ከኋላ፤
ቤት ሲሄድ አይቶ ማን አፉን ይዘጋል!

ከኮረብታው ሥር ቆመ። መንገዱን ጭቃ ውጦታል።
ወደ አዲሱ ቦታ የሚያሻግር አንድ ደረቅ መሬት ቀርቷል፦
የኔ ማሳ።
ፊት ለፊቱም አጥሩ።
ሰው ሁሉ ጫማውን አየ። እሷም።
በሬ እንኳ አላገሣም።
«መጥረቢያ አምጡ» አልኩ።
ራሴ የተከልኩት ነው፤ የቱ ጋ እንደሚላላ አውቃለሁ፤
ሰባት ምት በቃው። ቆጥሬያለሁ።

ያ ምስኪን አሳማ ዕድሜውን ሙሉ ያልቆፈረውን
ቤቱ በአንድ ትንፋሽ ገለበጠው።
ሮሳልባ ከኋላ፣ ጎንበስ ቀና እያለች፣
በሽርጧ አንድ ነገር ትለቅማለች።
ድንጋይ መስሎኝ ነበር።

ሴቶቹ ከማለዳ የቆፈሩት ጉድጓድ ማታ ተከፈተ።
ከጋለው ድንጋይ ላይ ጃንጥላ የሚያህለው ቅጠል ሲነሣ
እንፋሎቱ ከፊታችን ላይ ዝናቡን አበሰ፤
ዛጎል፣ ቋንጣ፣ የድንች ቂጣ፤
አርባ ሰው፣ አርባ ሳህን፣ ጭቃ እስከ ጉልበት፣
ትናንት ማንም ባልኖረበት መሬት።

የኔን ሳህን ራሷ አመጣችው። ፊቴን አላየችም።
ከላዩ ሦስት ድንች፤ አንዱን ሰኮና ሰንጥቆታል።
«ያንተ ናቸው» አለች። «ጨው አድርጌባቸዋለሁ።»
ምላሴን ፈጀኝ። ቢሆንም በላሁ።

አጥሩን አልመለስኩትም፤
ለጠየቀኝ «ጊዜ አጣሁ» እላለሁ።
መብራቷ አሁን ከመስኮቴ ትይዩ ነው።
ዛሬ ጠዋት ማሳዬ ውስጥ የአሳማ ዱካ አየሁ፤
ትኩስ ነው።
በእግሬ ደፈንኩትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።