ቤት ያልመታ ልብ

ጥር ነው። ግዳንስክ ላይ ባሕሩ ብረት መስሏል፤
የወደቡ ክሬን ጉም ውስጥ አንገቱን ቀብሯል።
ቦጉሚል ገባ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፤
«ልቤ ሸፍቷል» አለኝ፣ ቀልድ ይሁን ምር ሳላውቅ።

እኔ የጥናቱ ነርስ ነኝ፤ ሥራዬ መቁጠር ነው፤
በምት እና በምት መሐል ያለውን መስፈር ነው።
አስተኛሁት። አሥር ገመድ ደረት እግሩ ላይ አሰርኩበት፤
ወረቀቱ ይንሸራተት ጀመር፣ መርፌዋ እየጻፈችበት።
አንዱ ምት ዘገየ፤ ሁለቱ ተጣደፉ፤
ከዚያ ዝም። ከዚያ ሦስቱ ባንዴ ተግተልትለው አለፉ።
አራት ቤት አለው ልብ፣ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፤
ይኸኛው ቤት አይመታም፣ ላይኛው ሲንቀጠቀጥበት።

ሐኪሟ፣ ዶክተር ሌሽ፣ በእርሳስ ሥላ አሳየችው፦
«በብሽሽትህ ደም ሥር ሽቦ ይዘን እንገባለን፤
ከሳንባ የሚመጡትን ሥሮች አፋቸውን ዙሪያ እንተኩሳለን፤
ጠባሳው አጥር ይሆናል፤ ሁከቱን በውጭ እናስቀራለን።»

«ብየዳ ነዋ!» አለ ቦጉሚል፣ ፊቱ ድንገት ፈክቶ፤
«ክቡ መግጠም አለበት፣ ጫፉ ከጫፉ ተገናኝቶ።
የመርፌ ቀዳዳ ከቀረች ውሃ መንገድ አያጣም፤
አርባ ዓመት በይጃለሁ፤ የኔ መርከብ ውሃ አይጠጣም።»

«ግን ይህ ጥናት ነው» አለች፤ «ዕጣ ነው ሰዉን የሚለየው፤
ግማሹ ይተኮሳል፤ ለግማሹ ሽቦው ገብቶ ነው የሚመለሰው።
ሰመመኑ አንድ ነው፣ ቁስሉ አንድ፤ እሳቱ ግን አይነድም፤
የቱ እንደደረሰህ ዓመት ሙሉ አንተም፣ ነርሷም አታውቁም።»

ዝም አለ። የጣቶቹን የቆየ ጠባሳ አሻሸ፤
«የኔም ብየዳ በራጅ ነበር የተፈተሸ፤
ሳይታይ የታመነ ነገር ነው መርከብ የሚያሰጥም።»
ፈረመ። ብዕሩን ሲመልስልኝ እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ዓመቱን ሙሉ ተመላለሰ። በየወሩ ትንሿን መቅጃ
ደረቱ ላይ አስሬ ሰደድኩት፤ ደብተርም ሰጠሁት፣ መጻፊያ፦
«ማክሰኞ። አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። መሐል ላይ አልቆምኩም።
ሐሙስ። ከልጅ ልጄ ጋር ሮጥኩ፤ በርግጥ አልቀደምኩም።
እሑድ። የጨው ዓሣ በላሁ፤ አብዝቻለሁ፣ አትቆጡኝ።
ሰኞ። ቀኑን ሙሉ ልቤን ረሳሁት። ይህንንም መዝግቡልኝ።»

መዘገብኩ። የመቅጃዋ ወሬ ግን ሌላ ነበር።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ እርሱ አልጋው ላይ ሲያንኮራፋ፣
ልቡ ጫካ ገብቶ ነበር፣ መንገድ ዘግቶ፣ ተስፋፍቶ፣ ከፍቶ፤ ከፋ።
አልነገርኩትም። ደንቡ ምላሴን ይዞታል፤
ደስ ያለው ሰው ፊት ዝም ማለትም ለካ ያደክማል።

ጥር ተመልሶ መጣ። ፖስታው ተከፈተ።
«ዕጣ ሠላሳ አንድ፣ አልተተኮሰም» ስትል፣ ወንበሩ ሲጥጥ አለ፤
ሳቀ መጀመሪያ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ፤
እጁ ወደ ደረቱ ሄዶ ሸሚዙን እንደ ሌባ ጨበጠ።
«ታዲያ አራተኛ ፎቅ ድረስ የወጣው ማን ነበር?» አለ።
ዶክተሯ እኔን አየችኝ። እኔም የተደረደሩትን ቁጥሮች።

ካፖርቱን እየለበሰ፦ «ያቺ አረንጓዴ ሻርፕ ያላት፣
በዚያ ቀን ጎኔ የተኛችው፣ እሳቱ ለሷ ደረሳት?»
«አይነገርም» አልኩት። በዚያው ሳምንት ግን፣ ፌርማታ ላይ፣
አይቻት ነበር፣ በበረዶው ትራም ልትይዝ ስትሮጥ፣ ሻርፗ ከኋላዋ ሲታይ።
ደረሰች። በሩ ተዘጋ። ከዚያ በላይ አላውቅም፤
ሰው ስለሮጠ ብቻ ተተኮሰ አይባልም።

«ሐሙስ ና» አለችው ዶክተሯ፤ «እውነተኛውን፣ ከፈለግህ።»
«ራጅ አለው?» «እንፈትሻለን፤ ሳይዘጋ አንለቅህ።»

ማታ ሠላሳ አንድን ከሠንጠረዡ አስገባሁ፤
ከሁለት መቶ ነጥብ መሐል አንዲት ነጥብ አደረግሁ።
ወረቀቱን ግን አልጣልኩም፤ መብራት ሥር ዘረጋሁት፤
መርፌዋ በጻፈችበት በጣቴ እየተከተልኩት፦
ረዥም፤ አጭር፤ አጭር፤ ዝም፤ ሦስት ባንድ ላይ፤ ደግሞ ረዥም፤
ቤቱን ፈለግሁ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ። የትም የለም።
ሐሙስ ገና ሦስት ቀን ቀርቶታል።