ስምንት ማማ፣ ሰባት እስረኛ

ሐምሌ ሰባት ነበር፣ የሥላሴ ለታ፤
አገር ቤት ዶፍ ዝናብ፣ ጭቃና ጉምጉምታ፤
እዚህ መናማ ግን ባሕሩ ተንኖ
መስታወቱ ያልባል፣ ትኩሳታም ሰው ሆኖ።
የሆቴሉ ማድቤት ከምድር በታች ነው፤
ቀኑን ከሌሊቱ ሰዓት ነው የሚለየው።

ሙንጂ የቱኒዙ፣ ዱቄት የለበሰ፣
ሦስት ቀን ገነባ፣ ሦስቴ አፈረሰ፤
በስተመጨረሻ ቆመለት ግንቡ፤
ስምንት ማማ አለው፣ ስኳር ነው ካቡ፤
ግድግዳው ለውዝ ነው፣ ቸኮሌት ነው በሩ፤
ከወለሉ በታች፣ ከጨለማው ሥሩ፣
ሰባት ሰዎች ጣለ፣ ጣት የማያህሉ፤
ክዳን ገጠመበት፤ ከላይ አይታዩም፣ እነሱ ግን አሉ።

«ምንድን ነው?» አልኩት፣ ሳህን እየወለወልኩ።
«ወህኒ ቤት ነው» አለኝ። «የሚበላ?» አልኩ።
ጣቱን ላሰና ሳቀ፤ ጀመረ ሊነግረኝ፣
በእኔ ሰባራ አረብኛ፣ ግማሹ እየገባኝ፤
ዳቦ ስለጠፋበት ስለ ፈረንሳይ አገር፣
ጨው እንኳን ለመቅመስ ድሃው ሲገብር፣
ንጉሡ ቤተ መንግሥት ቁልፍ ይሠራ እንደነበር።
ለመዝናናት አለኝ። ቁልፍ! በትርፍ ጊዜው!
የኛን ፓስፖርት የያዘው የመሳቢያው ቁልፍ ትዝ አለኝ፣
በአለቃችን ወገብ የሚንቃጨለው።

«ታዲያ አንድ ቀን ሕዝቡ፣ አናጢው፣ ጫማ ሰፊው፣
ወደዚህ ግንብ ጎረፈ፣ ባሩድ ነው የፈለገው፤
በሩ ሲሰበር ግን፣ ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ፣
ሰባት እስረኛ ነው፤ ማንም የለም ሌላ።
በጥቅምት ደግሞ ሴቶቹ፣ ዓሣ ቸርቻሪዎቹ፣
ከገበያ ወጡ በዝናብ፣ መድፍ እየጎተቱ፣
ስድስት ሰዓት በእግር፤
አመጡት ንጉሡን፣ አመጡት ከነሚስቱ።»

«ጫማስ ነበራቸው?»

ሙንጂ ቀና አለ። እሱን አያውቀውም።
እኔ ግን ከዚያ ወዲያ፣ ሌላውን ሲነግረኝ፣
እግር ብቻ ነው የታየኝ፤
የራሰ፣ የላላ፣ የተሰነጠቀ፣
የዓሣ ቅርፊት ጣቱ ላይ እንደደረቀ።

«ከዚያስ?»
«ንጉሡ ተገደለ።»
«ከዚያስ?»
ዝም አለ። ቢላዋውን አጠበ፣ ዳግመኛም አጠበ።
«ከዚያማ... እርስ በርስ።»

እሱስ ተወው፣ ሙንጂ። እሱን እኔ አውቃለሁ።
አጎቴ ዳምጤ፣ ያኔ በስልሳ ስድስት፣
«ይውረድ!» እያለ ጮኸ አሉ፣ ጉሮሮው እስኪነቃ፤
ወረደ። ጨፈሩ።
በሰባ፣ በጥቅምት፣ ሌሊት በር ተንኳኳ።
እናቴ ዛሬም ድረስ በር ሲመታ ትቆማለች፣
ከመክፈቷ በፊት እስከ አሥር ትቆጥራለች።

ማታ አዳራሹ ሞላ። ነጭ ጓንት አጥልቀን
ግንቡን ለአራት ይዘን፣ እንደ ታቦት አክብረን፣ ወጣን።
ሜዳሊያ ያንጠለጠሉ ሰውዬ ይናገራሉ፤
ነፃነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት ይላሉ፤
ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ትሪዬ ከበደኝ።
በሰይፍ ቆረሱት። ፎቶ ተነሡበት።
ማማ ማማውን በሉ፤ ምድር ቤቱን ግን
ማንም ዝቅ ብሎ አላየም፣
ሙንጂም አልተናገረም።
ሰባቱን በሶፍት ጠቅልዬ፣ ጉያዬ ከትቼ ወጣሁ።

ጉደይቢያ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
በሰባት ሰዓት ሌሊት ዘበኛው ከውጭ ይቆልፋል።
ስምንት ነን በክፍሉ፤ እስረኛው ሰባት ነው።
ዘምዘም ቆጥራ ሳቀች፤ «ታዲያ ማናችን ነን ነፃ?»
ማንም አልመለሰም። አልጋው ብቻ ተንጫጫ።
ናካቶ ቢላ አወጣች፤ ስድስቱን ለስምንት ከፈለች፤
ለፍርፋሪው ተጣላን፤ ታረቅን።
ሰባተኛውን ግን መስኮት ላይ አቆምነው፣
ፊቱን ወደ መንገዱ።

ሲነጋ ጉንዳኖች፣ ከየት እንደመጡ፣
በሰልፍ ይዘውት በስንጥቁ ሲወጡ፣
ቆሜ አየሁ፤ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ትከሻውን።
አላገዝኳቸውም። አልከለከልኳቸውም።
ከታች አውቶቡሱ ጥሩምባ እስኪነፋ።