የግራ ጉልበቱ ብየዳ

ኩብኩባ እንለዋለን።
ወታደሮቹ ቁጥር ሰጥተውታል፣ ቁጥሩም ረጅም ነው፤
እኛ ግን በዚያ ክረምት ከሰማይ ሲረግፍ ያየነው
ክንፍ ባላበቀለ አንበጣ ስም ነው የምናውቀው።

ቁመቱ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጣራ አያልፍም፤
ደረቱ ውስጥ ያለው ወንበር ለጎልማሳ አይበቃም፤
በሺህ ታትሞ የወጣ፣ እንደ ቆርኪ፣ እንደ ሳንቲም፣
አንዱ ሲወድቅ ጓደኛው ዞሮ እንኳ የማያየው፣ የማያዝንለትም።

ይሩሃም ዳር፣ ቡዛግሎ ግቢ፣ ከብረቱ ክምር ስር
ሥራዬ እነሱን መበለት ነው፣ በየብልቱ መደርደር፤
እግር ለብቻ፣ ክንድ ለብቻ፣ ሰማያዊው ሽቦ ለብቻ፣
አፈሙዙን የጦሩ መኪና ይወስደዋል፣ ሰኞ ሰኞ ብቻ።
አራት መቶ አሥራ ሁለት አልፈዋል በዚህ እጅ፤
ፊት የላቸው፣ ስም የላቸው፣ ሁሉም የአንድ ቅርጽ ልጅ።

ዛሬ ግን፣ አራት መቶ አሥራ ሦስተኛው ላይ፣
ዓይኔ ቆመ ከግራ ጉልበቱ ላይ።
ብየዳው ጠሟል።
ጥቂት ሄዶ ሄዶ፣ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ዘሟል፤
ከዚያ ደንግጦ ተመልሷል፣ የራሱን መንገድ ፈልጎ፣
በላዩ ሌላ ደርቦ፣ ስህተቱን በስህተት ሸሽጎ።

ይህን አውቀዋለሁ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሴራሚክ ፋብሪካ፣ በሌሊት ፈረቃ ቆሜአለሁ፤
የሚያልፈውን አንድ በአንድ እየዳሰስሁ፣
«ይለፍ»፣ «ይውደቅ» እያልሁ፣ ጠመኔ እየጨረስሁ።
ሴራሚኩን አይቼ ሰዓቱን አውቅ ነበር፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሲሆን ነው ጠርዝ የሚሸረፍ፣ መስመር የሚሰበር፤
ዓይኑን እንደገለጠ ሰው የሚተኛበት፣
እግር ቆሞ ነፍስ ወደ አልጋዋ የምትሄድበት።

ይህ ጉልበት የዘጠኝ ሰዓት ነው።
የትኛው ኮከብ ላይ እንደሆን እንጃ፣ ስንት ፀሐይ እንዳለው፤
ግን ፈረቃ አላቸው። አለቃ አላቸው። ኮታ አላቸው።
የደከመ እጅ አላቸው፣ ጣቱ ስንትም ይሁን፤
ይኸው ከቀለሙ ስር ትቶታል አሻራውን፣
የቀንድ አውጣ ዛጎል የመሰለውን።

«ትርንጎ! ጸሎት ላይ ነሽ እንዴ?» ይላል ቡዛግሎ ከጥላው ስር።
ዝም አልኩት።
ይህ ኩብኩባ የት እንደወደቀ አውቃለሁ፤
ከመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ሃያ እርምጃ ሲቀረው
በግራ ጉልበቱ ተንበረከከ፣ ቀረ፤
አፈሙዙ አሸዋ ውስጥ ተተከለ፣ ጨሰ፣ አረረ።
ሠላሳ አንድ ሕፃናት ያን ቀን ሾርባቸውን ጠጡ።
ረቢው ተአምር ነው አለ፤ መቶ አለቃው፣ አሸዋው ነው አለ።
ጉልበቱን ማን አየ?

ቀጥሎ የተሠራው፣ ቁጥሩ በአንድ የሚበልጠው፣
ጉልበቱ የጠና ነበር፤
የእህቴን ልጅ፣ ማስረሻን፣ ውሃ ማማው ስር ያገኘው።
እሱንም የፈታሁት እኔው ነኝ።
ብየዳው ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነበር።
የትኛውም ተቆጣጣሪ ያሳልፈው ነበር።

ደክሞት ነው? ወይስ አውቆ?
እኔም አንድ ሌሊት
የተሰነጠቀ ሴራሚክ አውቄ አሳልፌያለሁ፤
ለማን ቤት እንደሚሄድ አልናገርም፤
ሲጠይቁኝ ግን፣ ደክሞኝ ነው አልኩ።

መጋዙ እየጮኸ ክንዱን፣ ደረቱን፣ ያንን ትንሽ ወንበር ቆረጥኩ፤
ጉልበቱን ለብቻው አስቀመጥኩ።
ጠመኔ ዛሬም ከኪሴ አይጠፋም።
«ይለፍ» ልል አልቻልኩም፤ ማስረሻ አለ።
«ይውደቅ» ልል አልቻልኩም፤ ወድቋል፣ ደግ አድርጎ ወድቋል።
«ሁለተኛ ደረጃ» ብዬ ጻፍኩበት፣
ለሠራተኛ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውን እንደምንለው።

የቤቴ ወለል ከዳር እስከ ዳር እሱ ነው፤
ጠማማ ነው፤
ሃያ ዓመት ቆመንበታል።