ጓንት

ጥር ወር፣ ሚኒሶታ፤ አስፋልቱ ብርጭቆ፣
ጎህ ከሌሊቱ ጋር ቀርቷል ተጣብቆ።
ስልኬ ጮኸ ገና ካልሲዬን ሳላጠልቅ፣
የአሮጊቷ የኢንግሪድ ድምፅ፣ ቀጭን፣ የሚርቅ፦
«ላይል፣ ማሞቂያዬ ሌሊት ሞቶ አደረ፣
የቧንቧው ውሃ እንኳ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።»
ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው ሴትዮዋ፣
ከአንድ ድመት በቀር ሰው የለም በጓዳዋ።
መፍቻዬን ወርውሬ ከፒክአፑ ኋላ፣
ዳቦ በጥርሴ ይዤ፣ ግማሹን ሳልበላ፣
ነዳሁ።

ልብ በሉልኝ፤ እኔ ለጽድቅ ነው የሮጥኩት፤
ይህንኑ ነው ኋላም ለዳኛ የነገርኩት።

በዘጠኝ ቁጥር መንገድ፣ ከሶደርማን እርሻ ማዶ፣
ቢጫው አውቶቡስ ቆሟል፣ ተሸክሞ በረዶ።
መብራቱ ቀይ ይጠቅሳል፣ ክንዱም ተዘርግቷል፣
«ቁም!» ይላል፤ አንድ ቃል ነው፤ ሕፃን እንኳ ያነባል።
አላየሁም ልበል?
አይቻለሁ፤ ግን በጎን መስታወቴ፣
ካለፍኩት በኋላ፣ ሆዴን ሲቆርጠው ድንጋጤ።

የማሞቂያው ሕመም አንዲት ፊውዝ ነበረች፣
የአራት ዶላር ዕቃ፤ ቀየርኩ፣ ቤቷ ሞቀች።
«እግዜር ላከህ» አለችኝ፣ ጃም በጠርሙስ ሰጥታ።
የእግዜርን እንጃ እንጂ፣ በሳምንቱ ማታ
ፖስታ ቤት ልኮልኛል፣ ወረቀት ባለ ማኅተም፦
አምስት መቶ ዶላር፤ ሰሌዳዬ፤ ቀን ከነሰዓቱም።

አልከፍልም ብዬ ክራባት አሰርኩ፣
በአባቴ ቀብር ያሰርኳትን፤ ፍርድ ቤት ቀረብኩ።
ንግግሬን መንገድ ላይ ደጋግሜ አጥንቼ፣
ብርዱን፣ አሮጊቷን፣ ድመቷን ሳይቀር አንሥቼ፣
ጠበቃ የሚያስንቅ ነገር ተናገርኩ።
ዳኛ ቬርና ኦስትቢ መነጽሯን ጠርጋ፣
«ጨረሱ ወይ?» አለች፣ ድምጿ ረጋ፣ ረጋ።
«እንግዲያው እንየው።»

ቪዲዮው ድምፅ የለውም።
ከፖስታ ሳጥኑ ጎን አንድ ልጅ ብቅ አለ፣
ሰማያዊ ኮፍያ፤ ቦርሳው ከእሱ ያየለ።
ግራ ቀኝ አላየም፤ ለምንስ ብሎ ይየው?
ዓለሙ ሁሉ ቁም ተብሎለት፣ ማንንስ ይፍራው?
አንድ እግሩ አስፋልት ረገጠ፤ ሌላውን ሊያስከትል ሲል
ጓንቱ ወደቀችበት፤ ተመልሶ ጎንበስ ሲል
እኔ አለፍኩ።

በምስሉ ውስጥ እኔ ነጭ ጭረት ብቻ ነኝ።
ከጭረቱ በኋላ ልጁ ቀና አለ፣
ጓንቱን በጉልበቱ ላይ መትቶ አራገፈ፣
ተሻገረ፤ ተሳፈረ፤ አውቶቡሱ አለፈ።
በፊቱ ምን እንዳለፈ አላወቀም።

«ልድገመው?» አለችኝ።
«አይ» አልኩ።
ድመቷ፣ አሮጊቷ፣ ያ ሁሉ ንግግር
አፌ ውስጥ ኮመጠጠ።
አምስት መቶውን ቆጠርኩ። ደረሰኝ ሰጡኝ።
ደረሰኙ ላይ የጓንት ነገር አልተጻፈም።

መጋቢት ላይ፣ በረዶው ጭቃ ሊሆን ሲል፣
ሌላ ስልክ ተደወለ፦ «ማሞቂያችን ያንኳኳል።»
ቤቱን ከማየቴ በፊት አወቅሁት በሳጥኑ፣
የተጣመመው እግሩ፣ ዝገት የበላው ጎኑ።
ልመለስ አሰብኩ። እናቲቱ ግን በሩን ከፍታ ቆማለች።

ምድር ቤት ድረስ ልጁ አብሮኝ ወረደ፣
ኮርቢን ይባላል፤ ባትሪ ያዘልኝ።
«እሳቱ ማታ የት ነው የሚተኛው?» አለኝ።
«እዚህ፣» አልኩት፣ «በዚህች ቀዳዳ።»
«አይሞቀውም?»
ስሠራ እንደዚያ ቀን እጄ ከብዶኝ አያውቅም።

ላይ ቤት፣ አየር መውጫው ላይ፣ ጓንቶች ተሰጥተዋል፤
አምስት ናቸው፤ አንዷም ከሌላዋ አትገጥምም።
«ስንቱን ገዛሁለት!» አለች እናቱ፤ «ይጥላል፣
ያነሣል፣ ደግሞ ይጥላል፤ ብቆጣው አይሰማም።
ለከርሞስ በክር አንገቱ ላይ አስራቸዋለሁ።»

መፍቻዬን አስቀመጥኩ።
የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ያጠናሁት ግን አልነበረም።
«ሂሳብ የለም» አልኳት።
«ብቻ፣ እባክሽ፣ አትቆጪው።
ክሩንም ተይው።»

እንደ እብድ አየችኝ።
ልጁ ሳቀና
ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራ።