መስኮት ስድስት

ሐሙስ ማታ በዋኘው ሱቅ፣ ከአራዳ ቁልቁል ሲወርዱ፣
ከተፈቱ ሬዲዮኖች መሃል፣ እንሰበሰባለን እንደ ልማዱ።
ቴሌቪዥኑ የእኛ አይደለም፣ ለጥገና የመጣ ነው፤
የአዘዞው ባለቤቱ፣ «ለሳምንት» ብሎ ዓመት አለፈው።
ቀለሙ ስለታመመ፣ የሚታዩት ሰዎች ሁሉ፣
አለቃውም ጸሐፊዋም፣ ጎመን ይመስላሉ።

«መስኮት ስድስት» ይባላል፣ የመሥሪያ ቤት ቀልድ ነው፤
አምስቱ መስኮት የት እንዳለ፣ እስከ ዛሬ ማንም አላየው።
የዚያን ምሽት ማኅተሙ፣ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈ፤
ቁልፉ ደግሞ በፖስታ ታሽጎ፣ ወደ ግምጃ ቤት አለፈ፤
ግምጃ ቤቱ «ፖስታው እንዲከፈት፣ ደብዳቤ አምጡ» አለ፤
ደብዳቤውስ እንዴት ይውጣ፣ ማኅተም ከሌለ?
አለቃው ከጠረጴዛ ሥር፣ በካቻቢቴ ሲታገል፣
ሱሪው ከኋላው ጮኸ፤ ሞላልኝ ሳቀ እስኪያስል።

አቶ አዛነው አልሳቁም። መነጽራቸውን ወልውለው፣
«ውሸት ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ረገብ አርገው፣ ቀስ ብለው።
«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁ፤
ማኅተሙን በመሐረብ፣ ቋጥሬ ነው ያደርሁ።
እንኳንስ አለቃ ቀርቶ፣ ዝንብ አይገባም ጠረጴዛ ሥር፤
በሕግ በሚሄድ ቢሮ፣ የት አለ እንዲህ ያለ ግርግር?»

«ኧረ አባባ! ቀልድ እኮ ምስክር አይቆጥርም» አለ ሞላልኝ፤
«እውነቱን ከፈለጉማ፣ ዜናውን ይጠብቁልኝ።»

ወይዘሮ ባንችአምላክ፣ ቢሮ የሚጠርጉት፣
ሳቁንም ክርክሩንም፣ ከጥግ ሆነው የታዘቡት፣
ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔን ያልተዋጠልኝ ሌላ ነው።
ስምንት ሐሙስ አየሁት፤
ወረቀት ይበተናል፣ ሻይ ይደፋል፣
አንዲት ሴት መጥረጊያ ይዛ ስታልፍ አላየሁም።
ወለሉ ግን ሁልጊዜ ያበራል።
ውሸቱ እሱ ነው።»

ሞላልኝ እንኳ የሚመልሰው አጣ።
ሁላችንም ወደ አረንጓዴው ወለል አየን፤
እውነትም ያበራል።

እኔ በሩ አጠገብ ነበርሁ፣ ፖስታዬን ታቅፌ።
አልሳቅሁም፣ አልፈረድሁም።
ለቤት ካርታ አምስት ወር የቆምሁበት መስኮት ነው፤
ቁጥሩ ብቻ አራት ነው።

ከዚያ መብራት ሄደ።
አለቃው ካጎነበሰበት ሳይቃና
ጎንደር ከላይ እስከ ታች ጠፋች፤
ግንቡና ሰማዩ አንድ ጥቁረት ሆኑ።
ከጃንተከል የሚወርድ ባጃጅ
መብራቱን ፊታችን ላይ ጣል አድርጎ አለፈ፤
ለአንድ አፍታ፣ ማንም አረንጓዴ አልነበረም።

በጨለማ ቀሪውን እየተሻማን ጨረስነው።
አቶ አዛነው፦ «ተለዋጭ ቁልፍ አለ፤ በፊርማ ይወጣል።»
ሞላልኝ፦ «በመጥረቢያ ይፈልጡታል፤ ከዚያ መጥረቢያው ይጠፋል።»
ወይዘሮ ባንችአምላክ፦ «ድሮውንም አልተቆለፈም።
እንዲህ ያለ መሳቢያ ይነክሳል እንጂ አይቆለፍም፤
ትንሽ ከፍ አርጎ መሳብ ነው።
እኔ ስወለውል፣ በየጠዋቱ ከፍቼ እዘጋዋለሁ።»

ዓርብ፣ መስኮት አራት። ልጅቱ ቀና ሳትል፦
«ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ተቆልፏል፤ ሰኞ ይምጡ።»
አፌ አመለጠኝ፦ «እስቲ ከፍ አርገሽ ሳቢው።»
አየችኝ። መሳቢያውን አየች።
ከፍ አድርጋ ሳበች።

ተከፈተ።

ግማሽ ፓኮ ቆሎ፣ አንድ እግር የሌለው መነጽር፣
የዛሬ ሦስት ዓመት የሠርግ መጥሪያ፤
ማኅተም የለም።

ማናችን ቀድመን እንደሳቅን እስካሁን አልለየሁም።
እሷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ እኔ መስኮቱን ይዤ፣
እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።
ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ግን
«ምኑ ነው የሚያስቅ?» አለ፤
የምመልስለት አልነበረኝም።

ሐሙስ ማታ ለእነ ዋኘው ሁሉንም ነገርኋቸው፤
ቆሎውን፣ መነጽሩን፣ መጥሪያውን ሳይቀር።
ሞላልኝ ሳቀ። ወይዘሮ ባንችአምላክ
«ወለሉስ እንዴት ነበር?» አሉኝ።
አቶ አዛነው መነጽራቸውን አውልቀው፣
ረጅም ጊዜ ወልውለው፣ መልሰው አጠለቁና፣
«ይኼስ በዛ» አሉ።