የወረቀቱ ጀርባ

ቅጹ ይጠይቀኛል፦ «የሰነዱ ባለቤት?»
ሦስት ቀን ሆነን ስንተያይ፣ እኔና እሱ ፊት ለፊት፤
ሞላሌ ቂርቆስ ዕቃ ቤት፣ ከተቀደደ ከበሮ ጎን፣
ሳጥኑን ከፍቼ ስቆጥር የዚያን ገዢ ወረቀቶቹን።
ቄሰ ገበዙ ከበሩ ባና ደርበው ቆመዋል፤
«አላለቀም ወይ?» ይላሉ፤ ቁልፉ ከእጃቸው ያቃጭላል።

ካፒቴን ጋርዜና ይባላል። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር፤
ለእናቱ የጀመረው አለ፣ ስለ መንዝ ብርድ ሲያማርር፦
«እማማ፣ ሰኔ ሆኖ እንኳ ጓንት አድርጌ ነው የምጽፈው፤
ሕዝቡ በግ ለብሶ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ጉም ነው የማየው።»
ዝናብ መለኪያ ብልቃጥ ነበረው፣ ከግንቡ ላይ የሰቀለው፤
ሐምሌ አሥራ አራት፦ ይህን ያህል። ሐምሌ አሥራ አምስት፦ በረዶ ሰበረው።
የገብስ መዋጮ፣ የበቅሎ ጫማ፣ የባንዳ ደመወዝ ሒሳብ፣
ታይፑ ሲዘልል፣ ሲደግም፤ እጁ ሲሰርዝ፣ ሲያስብ።

ይህ ሁሉ ረቂቅ ነውና። ማኅተም ያረፈበትን፣ በሸሸባት ሌሊት፣
ጋዝ አርከፍክፎ ከግቢው፣ ራሱ ነው እሳት የለቀቀበት።
ለእኛ የተረፈን ስሕተቱ ነው፤ ጨምድዶ የጣለው፣
ይመኙሻል የምትባል ጠራጊ በቅርጫት የለቀመችው።

ፍየሉን ሁሉ ወታደር በልቶት፣ ብራና ጠፋ ያን ዓመት፤
መሪጌታ ላቀው ቀለም በጥብጠው፣ መቃ ቀርጸው፣ ምን ላይ ይጻፉበት?
በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሲመሽ አደረሰችላቸው፤
የገዢውን ፊት ገለበጡት፤ ጀርባው ሆነ ብራናቸው።
የማኅበሩ ጽዋ ተረኛ በዚህ ወር ማን እንደ ሆነ፣
የማን ጥጃ የማንን ገብስ በልቶ፣ ካሳው ስንት እንደ ተወሰነ፣
የጧፍ ዕዳ፣ የድጓ ምልክት...
ሁለቱ ሰዎች ተያይተው እንደሁ የትም አልተጻፈም።
ቀለማቸው ግን ተላልፏል፤ አንዱም ንጹሕ አልተረፈም፦
ከ«ሮማ» ሆድ «ሃሌ ሉያ» ይወጣል፣ ከድጓው ሥር ቁጥር፤
ወደ መስኮት ሳነሣው፣ ፊቱ ከጀርባው ሲቀያየር።

ስልሳ አንደኛው ቅጠል ጋ ስደርስ፣ እጄ ቆመብኝ።
ሦስት መስመር ናት፤ ቀላል ናት፤ መዝገበ ቃላት አላሻኝ፦
«ሽፍታ በማሳደራቸው፣ ከገደሉ አፋፍ በትናንቱ ቀን፣
አሥራ ሁለት ቤት ተቃጠለ። ጸጥታ ሆኗል አሁን።»
«አሥራ ሁለት» ላይ ሰረዝ አለ፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረ።
ከላዩ «አራት» ይላል፤ ቀለሙ ተንጠባጥቦ የቀረ።
አለቃው፣ አዲስ አበባ፣ «አራት»ን አንብቦ ይሆናል፤
ምሳውን በልቶ፣ ፈርሞ፣ ፋይሉን ዘግቶ ይሆናል።

ገለበጥኩት።

የመሪጌታ እጅ ነው፤ ለአርባ ጸሎት የተጻፈ፣
በክርስትና ስም ብቻ፤ ባንዳ ቢያነበው የከሸፈ፦
ወለተ ጻድቅ ከነልጆቿ። ኃይለ ልዑል፣ ሸማኔው።
እኅተ ማርያም፣ ዓይነ ስውሯ፣ በሩን ስትፈልግ የቀረችው።
በየምድጃው መጨረሻ ቀይ ነጥብ አለ እንደ ፍም፤
ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ነው። አራት አይደለም።

መሪጌታ የፈረንጅ ፊደል አያውቁም፤
ይህንኑ ቅጠል ለምን እንዳነሡ እስከ ዛሬ አልገባኝም።
አንዷ ነጥብ ግን ዘልቃ፣ በወዲያኛው ገጽ ወጥታ፣
«አራት» ከሚለው ቃል ላይ ተቀምጣለች፣ እንደ ጠብታ።

የልጅ ልጁ ከባሕር ማዶ ደብዳቤ ልካለች፣ ለቢሮው፦
«የአያቴ እጅ ነውና ይመለስልን። እስኪሞት ድረስ፣ ከጓሮው፣
ዝናብ ይለካ ነበር» ትላለች።
ክፉ አይደለችም። የምታውቀውን ነው የጻፈች።

«ያመጣችውማ ይመኙሻል ናት» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ «መሸ» ሲሉኝ።
ጻፍኩት። ቅጹ ግን ቀጥሎ «የአባት ስም?» ብሎ ጠየቀኝ።
ወደ ቄሰ ገበዙ አየሁ።
እሳቸው ወደ ጉሙ አዩ፤
ቁልፉ ብቻ አቃጨለ።